ከአስራ ስምንቱ በኋላ

ረቡዕ፣ ኦገስት 20

ዛሬ ከድንች ጆንያ ጀርባ ተደበቅሁ። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ። ለሰው አይነገርም፣ ለዚህ ደብተር ግን ይሁን።

በየሳምንቱ በመጽሔት “ፊት ለፊት ተነጋገሩ፣ ሽሽት ዘመድ አያደርግም” እያልኩ ከተማውን የምመክር ሴት፣ ዶክተር ኦያርሱን በሱቁ በር ስትገባ ሳይ እንደ አይጥ ጎንበስ! ባለሱቁ ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ “ምን ጠፋሽ፣ ኔቬንካ?” አይለኝም? “ጉትቻዬ” አልኩ። ጉትቻ አላደረግኩም። ዶክተሯ ሎሚዋን ገዝታ እስክትወጣ ወለሉን ስዳብስ ቆየሁ። ከዚያ ለማስመሰል አምስት ኪሎ ድንች ገዛሁ። ቤት ድንች ሞልቷል።

ለምን ሸሸሁ? የዛሬ ሳምንት ሐሙስ የየርኮ ቀጠሮ እሷ ጋ ነው። እንመጣለን ብዬ አልደወልኩም።

የርኮ ታናሼ ነው፣ በስምንት ዓመት። ራዲዮ ይጠግናል። በእናታችን ቤት የቀረነው እኔና እሱ ነን። ክረምቱን ደህና ከረመ... ዝም ብሎ፣ ቀስ ብሎ። የእሱ ሕመም የሚነሳው ጨለማ ሲመጣ አይደለም፣ ጨለማ ሲሄድ ነው። እዚህ በምድር ደቡብ ጫፍ ከኦገስት ጀምሮ ቀኑ በየዕለቱ አራት አምስት ደቂቃ ሲረዝም እንቅልፉ ያጥራል። ከዚያ ወሬው ይመጣል። ከዚያ ሳቁ። ከዚያ... ካቻምና ኖቬምበር ላይ ልብሱን እንደለበሰ ባሕር ገባ፣ ማዶ ደሴቱ ድረስ ልዋኝ ብሎ። ዓሣ አጥማጆች ባያዩት ኖሮ...

ያኔ ዶክተሯ ያለችኝ እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው። “ከተነሳበት በኋላ አያምጡት። ሳይነሳበት ያምጡት፣ ኦገስት ሲያልቅ። መድኃኒቱን ከብርሃኑ ቀድመን ከፍ እናደርገዋለን። ሳይቃጠል በቅጠል።” አምና በጊዜው ወሰድኩት። ፀደዩ ኮሽ ሳይል አለፈ።

ፍሪጁ ላይ ወረቀቱ አለ። ጁን ላይ፣ አእምሮው ጥርት ባለ ጊዜ፣ በገዛ እጁ የጻፈው። “ኔቬ፣ ብርሃኑ ሲመጣ ደህና ነኝ እልሻለሁ። እንዳታምኚኝ። ቀድመሽ ውሰጂኝ። የርኮ።”

ታዲያ ምን ያስደብቀኛል? ነገ እጽፈዋለሁ። ድንቹን ልላጥ።


ሐሙስ፣ ኦገስት 21

እሺ፣ ልጻፈው። ጥፋቱ የአዘጋጃችን የዶን ኢላሪዮ ነው። አይ፣ የእኔ ነው።

መጽሔቱ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። ለሴፕቴምበር አስራ ስምንቱ፣ ለብሔራዊ በዓላችን ቀን፣ ልዩ እትም ይወጣል። ዶን ኢላሪዮ ባለፈው ሳምንት ጠርቶኝ፣ “ኔቬንካ፣ አምና ብዕርሽን ጉንፋን ይዞት ነበር። የካቻምናዋን ኔቬንካ አምጪልኝ፣ ሰው ሆዱን ይዞ የሳቀላትን!” አለኝ።

የካቻምናዋ ኔቬንካ የርኮ ነው።

ይኸው ጻፍኩት። ሕመሙ ሲጀምረው፣ ገና ሳይከፋ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ምላሱ እሳት ይሆናል። ከተማውን ሲዞር ይውልና ወሬ በጆንያ ይዞ ይመጣል። እኔ ጨው ጨምሬ በስሜ አወጣዋለሁ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል... እኔን ግን አደመቀኝ። በመንገድ ላይ እጄን የሚስሙኝ ሽማግሌዎች አሉ።


ዓርብ፣ ኦገስት 22

ክሊኒኩ ደወልኩ። “ከአስራ ስምንቱ በኋላ ይሁንልኝ።”

ጸሐፊዋ ሳቀች። “እርስዎም? ከተማው ሁሉ እኮ ጥርሱንም፣ ጣራውንም፣ ፍቺውንም ከአስራ ስምንቱ በኋላ ነው የሚለው።” ሴፕቴምበር 25 ሰጠችኝ። ማንም ለምን አላለኝም። በበዓል ያላሳበበ ማን አለ?

እራት ላይ የርኮ ጠየቀኝ።

“ሐሙስ አይደል የምንሄደው?”

“ዶክተሯ ፈቃድ ወጥታለች።”

“እሺ። አንቺ ካልሽ።”

አንቺ ካልሽ... ሳህን ማጠብ አቃተኝ። ወረቀቱን ከፍሪጁ ላይ አንስቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፣ ከማንኪያዎቹ ስር። አንድ ወር እኮ ነው። አንድ ወር ምን ያደርጋል?


ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 3

ጀመረ።

አምስት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ተነሳ። እያፏጨ ዳቦ ቆረጠ። “ኔቬ፣ በዚህ ከተማ ከሥራ ቀርቶ የማያውቅ ሠራተኛ ነፋሱ ብቻ ነው። ደመወዝ ይጨመርልኝም ብሎ አያውቅም።” ሳቅሁ፣ ከልቤ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገባሁ፣ በሩን ቆለፍኩ፣ በቢጫዋ ትንሽ ደብተር ላይ ጻፍኩት። ቀኑን፣ የተኛበትን ሰዓት፣ ቃል በቃል ያለውን። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምይዘው፣ የሙያ ልማድ።

ወንድሟ ሲቀልድ ሽንት ቤት ተቆልፋ የምትጽፍ ሴት... ምን ትባላለች?


ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9

አራት ሰዓት ብቻ ተኛ። ነፋሱ በርትቶ ማዘጋጃ ቤቱ ሰው እንዳይወድቅ የሚይዘውን ገመድ በየመንገዱ ጥግ ዘርግቷል። የርኮ ዛሬ ጡረተኛውን ዳኛ አይቶ መጣ።

“ዳኛው ገመዱን በሁለት እጁ ይዟል። ዊጉ መነሳት ጀመረ። አሁን ነፍሱን ይያዝ ወይስ ፀጉሩን? ነፍሱን መረጠ! ዊጉ በረረ፣ የዶኛ ኤደልሚራ ውሻ ከአየር ላይ ቀለበችው። እቤቷ ወስዳ እንደ ቡችላ እየላሰችው ነው። ዳኛው ‘ስጪኝ’ ቢላት፣ ልጅ ማሳደግ የእናት መብት ነው ብላ ይግባኝ ጠየቀች!”

ወድቄ ሳቅሁ። አራት ገጽ ሞላሁ።

ማታ ዶኛ ኤደልሚራ ራሷ መጣች። ጎረቤታችን ናት፣ ሰባ ስምንት ዓመቷ፣ የእሷን መስኮት ያህል የእኔ የመጽሔት አምድ አያይም።

“ልጄ፣ የርኮ ዛሬ ሁለት ጊዜ ደህና አደሩ አለኝ። ሁለቱንም ሳይነጋ። ሐኪም ቤት አልሄደም እንዴ?”

“ከአስራ ስምንቱ በኋላ ይሄዳል።”

“ብርሃኑ በዓል ጠብቆ የሚመጣ መሰለሽ?”

ድንች ሰጠኋት።


እሑድ፣ ሴፕቴምበር 14

ጽሑፉን ላክሁ። ዶን ኢላሪዮ ደውሎ በሳቅ ማውራት አቃተው። “ተመለስሽ!” ይለኛል። ማን ነው የተመለሰው?

የርኮ ሦስት ሰዓት ብቻ ተኛ።


ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 18

ከድንኳኑ ገና መመለሴ ነው።

የበዓሉ ድንኳን ጢም ብሎ ነበር። ጠረጴዛው ሁሉ ሥጋ የተሞላ ኤምፓናዳ፣ ወይን፣ መጽሔት። ሰው የእኔን ገጽ እየገለጠ ለጎረቤቱ ያነባል። ዳኛው ኮፍያ አድርጎ መጥቶ፣ “ፀጉሬን አሳጣሽኝ፣ ስም ግን ሰጠሽኝ” ብሎ ሳመኝ። አዲስ ጫማ አድርጌያለሁ። ፊቴ በደስታ ቀልቷል። አዎ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከሁሉ አስበልጦ ያጨበጨበው የርኮ ነው። ከዚያ ጆሮዬ ስር፣ “ኔቬ፣ ይሄ የእኔ አይደል?”

መጽሔቱን አጠፍኩት።

“ጥሩ ነው! ሌላም አለኝ። ብዙ አለኝ። ይሄማ ምንም አይደል፣ ቆይ አሁን...” ብሎ ጠረጴዛው ላይ ወጣ።

መጀመሪያ ሁሉም ሳቀ። ስለ ነፋሱ አወራ፣ ስለ ጳጳሱ መኪና፣ ስለ ዓሣ። ከዚያ እየፈጠነ መጣ። አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን፣ እንባው እየወረደ። “የዶኛ ኤደልሚራ ባል በራዲዮ አናገረኝ!” አለ። ባሏ ከሞተ አስራ አንድ ዓመቱ ነው። አንድ ሕፃን ብቻ ሳቀ።

ዶኛ ኤደልሚራ ወይኗን አስቀመጠች። “ምን አለህ፣ ልጄ?” አለችው፣ ቀስ ብላ።

“ለሚስቴ መጋረጃ ስጥልኝ አለ። በመስኮቷ ብርድ ይገባል አለ።”

“እሺ። አመሰግናለሁ በለው። አሁን ውረድ፣ እጄን ያዝና ቤት አድርሰኝ።”

ወረደላት። ለእኔ አልወረደም፣ ለእሷ ወረደ።

ደብተሩን የከፈትኩት ግን ይሄን ልጽፍ አይደለም። እጄ ሊጽፈው የፈለገው ሌላ ነገር ነው። የርኮ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ሲያወራ፣ ሰው ሁሉ ደንግጦ ሳለ፣ ጣቶቼ ቦርሳዬ ውስጥ ገብተው እርሳስ ይፈልጉ ነበር። ራሴን እጅ ከፍንጅ ያዝኩት።


ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 20

ጣራ ላይ ነው። ቆርቆሮውን ቢጫ እየቀባ። ከትናንት ጀምሮ የተኛ አይመስለኝም። የመኝታ ቤቱን ወፍራም መጋረጃዎች አውርዶ ለዶኛ ኤደልሚራ ሰጥቷል፣ የባሏ አደራ ነዋ። አሁን ብርሃኑ ሳይጋበዝ ገብቶ አልጋው ላይ ይቀመጣል።

ክሊኒኩ ደወልኩ። የተቀዳ ድምፅ፣ “በበዓሉ ምክንያት ዝግ ነን። ከበዓሉ በኋላ ይደውሉ።” የራሴን ቃል መልሰው ሰጡኝ።

ድንገተኛ ክፍል ልውሰደው? ሰው ያያል። ከትናንት ወዲያ ያጨበጨበ ሰው ሁሉ በር ላይ ተቀምጦ ያያል። የኔቬንካ ወንድም ተባለ፣ የኔቬንካ... ሰኞ ይሁን። ሰኞ ሩቅ አይደለም።

ይሄንን ሳነበው፣ ስንተኛ ጊዜዬ ነው ‘ይሁን’ ስል?


ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 22

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። አልጋው ባዶ፣ በሩ ክፍት። ለምን እንደሆነ አላውቅም መሳቢያውን ከፍቼ ከማንኪያዎቹ ስር ወረቀቱን አወጣሁ። በር ላይ ያገኘሁትን ጫማ አጥልቄ ሮጥኩ። ዶኛ ኤደልሚራ በመስኮት፣ “ወደ ባሕሩ! ደውያለሁ፣ አምቡላንስ ጠርቻለሁ፣ አንቺ ሩጪ!”

የየርኮ ጫማዎች ድንጋዩ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ካልሲዎቹ ውስጣቸው ተጣጥፈው። እሱ እስከ ጭኑ ውሃ ውስጥ ነው።

“የርኮ! ውጣ!”

“ኔቬ! ነይ ስሚ! ማዶዎቹ ቁርስ እየበሉ ነው። ማንኪያው ይሰማኛል!”

ወረቀቱን አነበብኩለት፣ ከነፋሱ በላይ እየጮህኩ። ‘ደህና ነኝ እልሻለሁ፣ እንዳታምኚኝ’ የሚለው ጋ ስደርስ ዞረ።

“ማን ነው የጻፈው?”

“አንተ! በጁን!”

“ታዲያ ለምን ቀደም ብለሽ አላነበብሽልኝም?”

ውሸት ፈለግሁ፣ አጣሁ። “ቀጠሮውን ያስተላለፍኩት እኔ ነኝ። ዶክተሯ ፈቃድ አልወጣችም። ቀልዶችህን ፈልጌ ነው፣ ለአምዱ።”

ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። ፊቱን አዙሮ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ሄደ። ሌላ አንድ።

ገባሁ። ውሃው አጥንት ይሰብራል። ያጠለቅኩት ለካ አዲሱን ጫማ ነው፣ የበዓሉን። ድንጋዩ ያንሸራትተኛል፣ ወደቅሁ፣ ተነሳሁ፣ እንደገና ወደቅሁ።

“ጫማሽን! ጫማሽን አውልቂ እንጂ፣ አንቺ ሞኝ! ትታመሚያለሽ!” እያለ ወደ እኔ መጣ። ክንዴን ይዞ እየተሳደበ ጎትቶ ዳር አወጣኝ።

እሱ ነው ያወጣኝ። እኔ አይደለሁም ያወጣሁት። ይሄ በትክክል ይጻፍ።

አምቡላንሱ ባደረሰን ሆስፒታል ዶክተሯ ጠየቀችኝ። “እንቅልፉ የቀነሰው ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“ከሦስት... ከአራት ቀን ወዲህ” አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ። ከእግሬ ስር የባሕር ውሃ እየተንጠባጠበ።


ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 23

ቢጫዋን ደብተር ወስጄ ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩ። “ትናንት ዋሽቻለሁ” አልኩ።

ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ አነበበች። የውሻዋ ይግባኝ ጋ ስትደርስ አመለጣት፣ ሳቀች። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ በኋላ ገጽ ስትገልጥ ፊቷን ማየት አልቻልኩም።

“ቀን በቀን... የተኛበትን ሰዓት ሳይቀር” አለች። “እንዲህ ያለ መዝገብ ያመጣልኝ ቤተሰብ አላውቅም።”

እውነት እላለሁ፣ ለአንድ አፍታ ደስ ሊለኝ ነበር።

“እንዲህ ያለ መዝገብ ይዞ እንዲህ የዘገየም አላውቅም።”

ሴፕቴምበር 3ን በእርሳስ ከበበች። “እዚህ ላይ ቢሆን እቤቱ እየተኛ፣ በሳምንት ሁለት ሳምንት እናበርደው ነበር። አሁን ወር ነው። ምናልባት ከዚያም በላይ።” አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ደብተሯን ከየርኮ ፋይል ጋር አስቀመጠቻት። መልሺልኝ አላልኩም።


እሑድ፣ ኦክቶበር 12

ሆስፒታል ልጠይቀው ሄድኩ። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሻዩን ያፈሳል። መድኃኒቱን፣ ሊቲየሙን፣ ጨምረውለታል። ቃል ከአፉ እስኪወጣ ሰው ምሳ በልቶ ይመለሳል።

ዶን ኢላሪዮን የየርኮን ስም አውጣልኝ ብዬው ነበር፣ ያ ጽሑፍ የወንድሜ ነው ብለህ። “ኔቬንካ፣ አንባቢ በማን እንደሳቀ ማወቅ አይፈልግም” አለኝ። ያንን ለየርኮ ነገርኩት። ልጣላው እችላለሁ፣ ስምህን አስወጣለሁ፣ ምናምን... ይቅርታ መጠየቄ መሆኑ ነው።

መስኮቱን አየ።

“አታድርጊው። እኔ ቀልደኛ ሆኜ አይደለም፣ ኔቬ። ታምሜ ነው።” አረፍ አለ። “የታመመ ሰው ሳል ሰብስበሽ ነው ያሳተምሽው።”

የሄድኩት በአውቶቡስ፣ የተመለስኩት በእግሬ። ገመዶቹን ይዤ። ነፋስ አልነበረም።


ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 8

ቤት ገባ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኖ ውጭው ገና ቀን ነው። መጋረጃ ያስፈልጋል። ዶክተሯ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ቤቱ ይጨልም ብላለች፣ መድኃኒት ነው፣ እንደ ኪኒኑ።

ዶኛ ኤደልሚራ ጋ ሄድኩ። በሩ ላይ ቆማ አየችኝ፣ ከዚያ የለበሰችውን አየች።

“አንዱን ቀሚስ አሰፋሁት። ባሌ የላከልኝ ነው፣ ዝም ብዬ ላስቀምጠው?”

“ሌላውስ?”

“ውሻዋ ወልዳበታለች።” ቀና ብላ አየችኝ። “እውነተኛ ቡችላ ነው፣ ደግሞ እንዳትጽፊው።”

ፊቴ እሳት ሆነ። ገብታ ቀሚሱን ቀይራ መጣች፣ አጥፋ ሰጠችኝ። አሁን የየርኮ መስኮት ሁለት ኪስ ያለው ቀሚስ ለብሷል። ይጨልማል ግን። በማግስቱ የተጨመረ፦ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ተኛ።


ሐሙስ፣ ኖቬምበር 20

አምዴ ላይ ስለ እንጀራ ልጅና ስለ ሠርግ ወጪ ምክር ጻፍኩ። ደረቅ ነው። ዶን ኢላሪዮ፣ “ጉንፋኑ ተመለሰ” አለኝ። ይመለስ።

የርኮ ስምንት ሰዓት ተኩል።


እሑድ፣ ዲሴምበር 7

ዛሬ ለዶኛ ኤደልሚራ ሾርባ ወሰድኩላት። ፍሪጇ ላይ የየርኮን የእጅ ጽሑፍ አየሁ። ፊደሉ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ይነበባል ግን።

“ዶኛ ኤደልሚራ፣ በመጪው ኦገስት 24 ሐኪም ቤት ይውሰዱኝ። ከአስራ ስምንቱ በፊት። ደህና ነኝ ብል እኔን እንዳያምኑ። ኔቬንም።”

ሾርባውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ኔቬንም።

“የተደበቀ ነገር የለውም፣ አንብቢው” አለችኝ ከኋላዬ። “ማንኪያ ስር አላኖርኩትም።” ነግሯታል ማለት ነው። ሁሉን ነግሯታል።

“ልክ ነው” አልኩ።

“ልክ መሆኑንማ አውቃለሁ። ሾርባውን አስቀምጪው፣ እጅሽ ተቃጠለ።”

እቤት ስመለስ የርኮ የሰው ራዲዮ ፈትቶ ምሳ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷል። ወረቀቱን እንዳየሁት ፊቴ ላይ አይቶ አወቀ። ሾርባ ቀዳሁለት። ግማሽ ላይ ሲደርስ ማንኪያውን አስቀምጦ ስለዚያ ራዲዮ ባለቤት አንድ ነገር አለ። ቀስ ብሎ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር። ከሴፕቴምበር ወዲህ የመጀመሪያው ቀልድ። ሳቅሁ። ሁለት እጄን ጭኔ ስር አድርጌ ተቀመጥኩበት።

አየኝ። “አትጽፊውም?”

“አልጽፈውም።”

“ጥሩ ነበር እኮ።”

“ጥሩ ነበር።”

ሾርባውን ጨረሰ።

እዚህም አልጻፍኩትም። ምን እንዳለ እኔና እሱ ብቻ እናውቃለን፣ እንዲህም ይቅር።

ትናንት ማታ ስምንት ሰዓት ተኝቷል። በመጪው ኦገስት 24 ዶኛ ኤደልሚራ ክንዱን ይዛ ስትወስደው ከኋላቸው እሄዳለሁ፣ ከፈቀዱልኝ። ካልፈቀዱልኝ በመስኮት አያለሁ። ደረሱ ወይስ አልደረሱም፣ በዚያው ዕለት ከዚሁ ገጽ ቀጥሎ አሰፍረዋለሁ። ቀኑንና የተኛበትን ሰዓት። ሌላ አንድ ቃል አልጨምርም።